የልብ ሕመምተኛዋ እናትና የኦፕራሲዮን አልጋ

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከአንድ ተራ ጥያቄ ይጀምራል። ሌሊት ስትተኙ ስንት ትራስ ትደራርባላችሁ? ጥያቄው የቡና ላይ ወግ ቢመስልም፣ ልቧ የታመመ እናት ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ከመግባቷ በፊት ማደንዘዣ የሚሰጣት ባለሙያ ሊያውቃቸው ከሚገቡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። አንዲት ሴት በአንድ ትራስ ጋደም ብላ ሌሊቱን በሰላም የምታነጋ ከሆነ አንድ ነገር ነው። በሦስት ትራስ ካልተደገፈች ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ወይም እኩለ ሌሊት ላይ ታፍና ብድግ እያለች መስኮት የምትከፍት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም በኦፕራሲዮን አልጋ ላይ እኩል በጀርባቸው ቢዘረጉ፣ አንዷ ደኅና ስትሆን ሌላዋ ልትታፈን ትችላለች።

ስለ ኦፕራሲዮን ሲወራ አብዛኞቻችን የምንፈራው ምላጩን ነው። ቀጥሎ የምንፈራው ማደንዘዣውን ነው፤ «ሳልነቃ ብቀርስ?» እንላለን። እንዴት አድርገው እንደሚያስተኙን ግን የሚጠይቅ የለም። በሙያው ውስጥ ላሉት ሰዎች አተኛኘት የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። በሽተኛው በጀርባው፣ በጎኑ ወይም በደረቱ ሲተኛ፣ እግሩ ተሰቅሎ ወይም ራሱ ዝቅ ብሎ ሲቆይ የደሙ አካሄድና አተነፋፈሱ በየጊዜው ይለወጣል። ጤነኛ ልብ ይህን ለውጥ ባለቤቱ ሳያውቀው ያስተካክለዋል። የታመመ ልብ ግን ለዚህ የሚሆን ትርፍ አቅም የለውም።

ነገሩ እንዲገባን ከልብ በሮች እንነሣ። ከሳንባ ተጣርቶ የሚመጣው ደም ወደ ግራው የልብ የላይኛ ክፍል ይገባና በአንዲት በር አልፎ ወደ ታችኛው ክፍል ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ መላ ሰውነት ይረጫል። ይህች በር በጤነኛ አዋቂ ሰው ላይ ስትከፈት ስፋቷ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በሕመም ምክንያት ጠርዞቿ ተጣብቀው ከ1.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር በታች ስትሆን ጥበቱ ከባድ ነው ይባላል፤ የጣት ጫፍ በጭንቅ የምታሳልፍ ቀዳዳ ማለት ነው።

በሯን የሚያጠባት ብዙውን ጊዜ በልጅነት የተነሣ የጉሮሮ ሕመም ነው። ልጅቷ ጉሮሮዋን ታማ ትኩሳት ይይዛታል፤ ሕመሙን ያመጣው ተሕዋስ በፔኒሲሊን ሳይጠፋ ይቀራል፤ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያዋን ያማታል፣ ያብጣል። ይህ የቁርጥማት ትኩሳት ነው። የሰውነቷ መከላከያ ተሕዋሱን የሚወጋ መስሎት የራሷን የልብ በሮች ይወጋል። (እዚህ ላይ እንጥል ማስቆረጥን ሳላነሣ አላልፍም። ልጁ ጉሮሮውን ባመመው ቁጥር እንጥሉን ማስቆረጥ ተሕዋሱን አያጠፋውም፤ ቁስልና ደም መፍሰስ ይጨምራል እንጂ።) ልጅቷ ታድጋለች፣ ትማራለች፣ ሥራ ትይዛለች፣ ታገባለች። ደረጃ ስትወጣ ቢደክማት «ደም ማነስ ነው» ትባላለች። በሽታው ራሱን የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዋን ልጅ ስታረግዝ ነው።

ለምን በእርግዝና? በእርግዝና ጊዜ በሴት ሰውነት ውስጥ ያለው ደም ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ልብም ይፈጥናል። በበዓል ዋዜማ በጠባብ የሱቅ በር ላይ የሚጋፋውን ሸማች አስቡ። ሰዉ ሲበዛና ሁሉም ሲቸኩል በሩ ይታነቃል፤ ወረፋውም ወደ ኋላ ይጠራቀማል። ደሙም እንዲሁ ነው፤ በጠባቧ በር ማለፍ ሲያቅተው ወደ ኋላ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ከሳንባ ቧንቧዎች ውኃ ይሰርግና የአየሩን ቦታ ይይዛል። እናቲቱ ታስላለች፣ ታለከልካለች።

አሁን ወደ ትራሱ እንመለስ። ስንቆም ግማሽ ሊትርና ከዚያም የሚበልጥ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ወርዶ ይቆያል። ስንተኛ ያ ደም ወደ ደረት ይመለሳል። ለጤነኛዋ ምንም አይደለም። በሯ ለጠበበባት ግን በታነቀው በር ላይ ሌላ ሰልፍ እንደ መጨመር ነው። ስለዚህ ማንም ሐኪም ሳያዝላት ትራስ ትደራርባለች፣ ግድግዳ ትደገፋለች፣ ተቀምጣ ታንቀላፋለች። ደሟን ወደ እግሯ የምትመልሰው በዚህ መንገድ ነው።

ማደንዘዣ የሚወስድባት ይህንኑ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ የተሰጣት ሴት «ታፈንኩ፣ አንሱኝ» ማለት አትችልም። በወገቧ ተወግታ ከሆድ በታች የደነዘዘችውም ብትሆን መናገር ትችል ይሆናል እንጂ ራሷን ቀና አድርጋ መቀመጥ አትችልም። ቤቷ ሆና ሌሊት ሌሊት ራሷን የምትጠብቅበት ዘዴ ከእጇ ይወጣና በሌሎች ሰዎች እጅ ይገባል። እነዚያ ሰዎች ማወቅ አለባቸው።

በነፍሰ ጡሯ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይደረባል። እርግዝናው 20 ሳምንት ገደማ ሲሞላ ማሕፀኗ ከብዶ፣ በጀርባዋ ስትተኛ ከጀርባ አጥንት ፊት ለፊት የሚያልፈውን ትልቁን የደም መልስ ቧንቧ ይጫነዋል። ከእግርና ከዳሌ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፣ ግፊቷ ይወርዳል፣ ያልባታል፣ ያጥወለውላታል፤ በማሕፀን ላለው ልጅ የሚደርሰውም ደም ያንሳል። አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህንን እ.ኤ.አ. በ1953 ስም ሰጥተው ገልጸውታል። ብዙ እናቶች ግን ስሙን ሳያውቁ በጀርባቸው መተኛት ሲያቅታቸው በጎናቸው እየተገላበጡ ኖረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። በኦፕራሲዮን አልጋ ላይ ከቀኝ ዳሌዋ ሥር የታጠፈ አንሶላ ወይም ትንሽ ትራስ ማስገባት፣ ወይም አልጋውን ወደ ግራ 15 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ነው። ልጁ እስኪወጣ ድረስ እንዲህ ትቆያለች።

ልብ በሉ፣ በአንዲት ሴት ላይ ሁለት ተቃራኒ አደጋዎች ተገናኝተዋል። ፍጹም ጠፍጣፋ ሆና ብትተኛ ወደ ሳንባዋ የሚሄደው ደም ይበዛባታል፤ ማሕፀኗ ቧንቧውን ቢጫነው ደግሞ ወደ ልቧ የሚመለሰው ደም ያንሳታል። ስለዚህ ባለሙያው ደረቷን ቀና፣ ዳሌዋን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ያስተኛታል። ሐኪሙ ለመቅደድ እንዲመቸው «ዝቅ አድርጓት» ሊል ይችላል። ማደንዘዣ የሚሰጠው «አይሆንም፣ ትንሽ ቆይ» ሊል ይችላል። በሚገባ የሚሠራ የኦፕራሲዮን ቡድን ይህንን የሚነጋገረው ምላጩ ከመነሣቱ በፊት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የኦፕራሲዮን ደኅንነት መጠየቂያ ዝርዝርም ከመቀደዱ በፊት ሁሉም ሰው ለአፍታ ቆሞ እንዲነጋገር ያዛል።

ስለ ወገብ መርፌም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ይህን ዘዴ ጀርመናዊው አውጉስት ቢር እ.ኤ.አ. በ1898 በሥራ ላይ ካዋለው ወዲህ ለብዙ ሚሊዮን እናቶች በደኅና ተሰጥቷል፤ ለጤነኛ እናትም በኦፕራሲዮን ለመውለድ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው እርሱ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ከወገብ በታች ያሉትን የደም ቧንቧዎች ስለሚያላላ ግፊት በድንገት ይወርዳል። ጤነኛ ልብ ፈጥኖ በመምታትና ብዙ በመርጨት ያካክሰዋል። በሩ የጠበበ ልብ ግን ቢፈጥን ባሰበት፤ በጠባብ በር ለመሙላት ጊዜ ይፈልጋልና። በዚህም ምክንያት ለእንዲህ ያለችው እናት መድኃኒቱን በቀጭን ቱቦ ጥቂት በጥቂት መስጠት፣ ወይም ሙሉ ማደንዘዣ መስጠት ሊመረጥ ይችላል። ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ ደግሞ በመርፌው መንገድ ደም እንዳይጠራቀም የወገቡ መርፌ ጨርሶ ሊቀር ይችላል። «ጎረቤቴ በወገቧ ተወግታ ነው የወለደችው፣ እኔም እንደሱ» ብላችሁ የሙጥኝ አትበሉ። የጎረቤታችሁ ልብ የእናንተ ልብ አይደለም።

ልጁ ወጥቶ ሲያለቅስ ሁሉም እፎይ ይላል። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ግን ይበልጥ የሚነቃው ያን ጊዜ ነው። ማሕፀኗ ሲኮማተር በውስጡ የነበረው ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር የሚሆን ደም በአንድ ጊዜ ወደ ልብ ይመለሳል፤ ተጭኖ የነበረውም ቧንቧ ይለቀቃል። ሳንባዋ በውኃ ሊጥለቀለቅ የሚችለው በዚህች ሰዓትና በተከታዮቹ ቀናት ነው። ዳሌዋን ወደ ግራ ያዘነበለው ትራስ ሥራውን ጨርሷል፤ ደረቷን ቀና ያደረገው ግን መቆየት አለበት። ማሕፀን የሚያኮማትረውም መድኃኒት እንደ ወትሮው ባንዴ ሳይሆን ቀስ ተብሎ ይሰጣል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለው በባለሙያዎቹ እጅ ከሆነ የእናቲቱ ድርሻ ምንድን ነው? መናገር ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች ማደንዘዣ የሚሰጡት በአብዛኛው በዚሁ ሙያ የሠለጠኑ፣ ሐኪም ያልሆኑ የሰመመን ባለሙያዎች ናቸው። ሥራ ይበዛባቸዋል። ምጥ ላይ ያለችን ሴት የሚያገኟት ብዙውን ጊዜ በአልጋ ተገፍታ ስትመጣ ነው፤ ለጥያቄ ያላቸው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። በዚያች አጭር ጊዜ «ደኅና ነኝ» የሚል መልስ ከሰጠቻቸው በደኅና ሰው ደንብ ያስተኟታል።

«ደኅና ነኝ» የሚሉት ደግሞ ብዙዎች ናቸው። አንዳንዷ የልቧን ነገር ለባሏ ሳትነግር አግብታለች፤ በባሏና በአማቷ ፊት ስትጠየቅ ትደብቃለች። አንዳንዷ ሐኪም «እንዳታረግዢ» ብሏት ነበርና ተግሣጹን ትፈራለች። አንዳንዷ ኦፕራሲዮኑ ይቀርብኛል ብላ ትሠጋለች። ሌላዋ ትራስ መደራረቧን እንደ ልማድ እንጂ እንደ ሕመም አትቆጥረውም። እኔ ጥፋቱን በእነዚህ እናቶች ላይ ብቻ መጣል ትክክል አይመስለኝም። የታመመች ሴት እውነቱን እንድትናገር የሚፈልግ ባለሙያ በመጀመሪያ ዘመዶቿን ከክፍሉ አስወጥቶ፣ ሳይገሥጻት ሊጠይቃት ይገባል። ያም ሆነ ይህ መጋረጃው ሲዘጋ አልጋው ላይ የምትቀረው እርስዋ ናትና፣ ሳትጠየቅም ቢሆን ትናገር።

ምን ትናገር? በስንት ትራስ እንደምትተኛ፣ ሌሊት ታፍና ተነሥታ ታውቅ እንደሆነ፤ ስንት ደረጃ ስትወጣ እንደሚደክማት፤ እግሯ ያብጥ እንደሆነ፣ ልቧ በድንገት ይርገፈገፍ እንደሆነ፤ የምትወስደው መድኃኒት ምን እንደሆነና ለመጨረሻ ጊዜ የወሰደችው መቼ እንደሆነ። የመድኃኒቱ ስም ከጠፋባት ሣጥኑን ይዛ ትሂድ። የልብ አልትራሳውንድ ተነሥታ ከነበረም ወረቀቱ ከእርግዝና ክትትል ካርዷ ጋር ይቀመጥ። ከሁሉ የሚሻለው ይህ ሁሉ ምጥ ሳይመጣ፣ በክትትሉ ወራት ቢነገር ነው። ያን ጊዜ የልብ ሐኪም፣ የማሕፀን ሐኪምና የሰመመን ባለሙያ አብረው የት ትውለድ፣ እንዴት ትውለድ የሚለውን መወሰን ይችላሉ። ልብ የታመመች ሁሉ በኦፕራሲዮን መውለድ የለባትም፤ ብዙዎቹ ሕመሙ ታግሦላቸው፣ ቀና ብለው ተደግፈው በምጥ ይወልዳሉ።

ጉዳዩ የነፍሰ ጡሮች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየቤታችን ልባቸው የደከመ፣ ለፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ቀጠሮ የተያዘላቸው አባቶች አሉ። በዚህ ኦፕራሲዮን እግር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። እግር ሲሰቀል በውስጡ ያለው ደም ወደ ደረት ይጎርፋል፤ በመጨረሻ ሲወርድ ደግሞ ደሙ ወደ እግር ስለሚመለስ ግፊት ይወድቃል። ለዚህ ነው ሁለቱ እግሮች በአንድነትና በዝግታ የሚወርዱት። ለአንዳንድ የሆድና የማሕፀን ኦፕራሲዮኖችም ራስ ዝቅ ስለሚል የሆድ ዕቃ ወደ ሳንባ ይጫናል። አባታችሁ ተቀምጠው የሚያድሩ ከሆነ «አርጅተው ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ንገሩላቸው።

አተኛኘት የሚጎዳው ልብና ሳንባን ብቻም አይደለም። ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ የተኛ ሰው ክርኑ ላይ ወይም ከጉልበቱ በታች በውጭ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ተጭኖ፣ ሲነቃ ሁለት ጣቶቹ ሊደነዝዙ ወይም እግሩን ቀና ማድረግ ሊያቅተው ይችላል። የደም ዝውውሩ የደከመ ሰው ላይ ደግሞ ቆዳው ቶሎ ይቆስላል። ከኦፕራሲዮን በኋላ የማይለቅ መደንዘዝ ካለ በዚያው ቀን ለነርሷ መንገር ነው።

አሁን ወደ ዋርድ እንሂድ፤ የእኛ የአስታማሚዎች ስሕተት የሚበዛው እዚያ ነውና። በወገቧ የተወጋች አራስ «ራሷን ያማታል፣ ትራስ አይሰጣት» የሚባል ነገር አለ። አክስት ወይም እናት በቅንነት ትራሱን ከሥሯ ይስባሉ። ከወገብ መርፌ በኋላ አንዳንድ ሰው ላይ ከባድ ራስ ምታት መነሣቱ እውነት ነው። ነገር ግን ጠፍጣፋ ሆኖ መተኛት ይህን ራስ ምታት እንደማይከላከል በጥናት ተረጋግጧል። ለጤነኛዋ አራስ ትራስ መከልከል አለመመቸት ብቻ ነው። ልቧ ለታመመችው ግን ማፈን ነው። አንድም ሰው «ትንፋሽ አጠረኝ» ስትል «ምጡ አድክሟት ነው» ብሎ እንዳያስተኛት። ቀና አድርጓት፣ እግሯ ከአልጋው ወደ ታች ይውረድ፣ ነርሷንም ባስቸኳይ ጥሩ። አረፋ ያለው ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካሳላት የደቂቃ ጉዳይ ነው። ኦፕራሲዮኑ ደኅና አለፈ ብላችሁም «ቤቷ ገንፎዋን ትብላ» በማለት በማግሥቱ ለማስወጣት አትጣደፉ፤ የመጀመሪያዎቹ 2ና 3 ቀናት ሐኪም ዓይን ሥር የሚታለፉ ናቸው። በዋርዱ ትራስ አይበዛምና ከቤት ስትሄዱ ሁለት ትራስ በንጹሕ ልብስ ለብሰው ይያዙ።

ጠባቧ በር ልትሰፋ እንደምትችልም እወቁ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ሱታር እ.ኤ.አ. በ1925 በለንደን የአንዲት ልጃገረድን ልብ ከፍቶ በጣቱ በሯን አስፍቷል። ዛሬ ብዙውን ጊዜ ደረት መክፈት አያስፈልግም፤ ከእግር ሥር በደም መልስ ቧንቧ በኩል በሚገባ ፊኛ በሯን ማስፋት ይቻላል። ለዚህም ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ ያወጣው ፊኛ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የሚመረጠው ከእርግዝና በፊት ማድረግ ነው፤ ሲያስገድድ በእርግዝና ጊዜም ይደረጋል። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የልብ ማዕከል ከተከፈተ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ የልብ ኦፕራሲዮን እዚሁ ይሠራል፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ልጅ ከማሰባችሁ በፊት የልብ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ እስከዚያውም የሚስማማችሁን የወሊድ መቆጣጠሪያ እርሱ ይንገራችሁ።

በመጨረሻ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ስለሚወጉት ፔኒሲሊን። ይህ መርፌ ትኩሳቱ ተመልሶ በሩን ይበልጥ እንዳያጠበው የሚከላከል በመሆኑ ቀጠሮው አይዛነፍ። አንዳንድ የልብ ሕመምተኞች ከተወጉ በኋላ ወድቀው በመሞታቸው ብዙ እናቶች መርፌውን ፈርተው ልጆቻቸውን አስቀርተዋል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር እንዳለው፣ በሩ እጅግ በጠበበ ወይም ልቡ በጣም በደከመ ሕመምተኛ ላይ እንዲህ ያለው ድንገተኛ ሞት የመድኃኒቱ አለመስማማት ሳይሆን ከሕመሙና ከድንጋጤው የተነሣ ግፊት በመውደቁ ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች በመርፌው ፋንታ የሚዋጥ መድኃኒት ይሻል እንደሆነ ሐኪሙ ይወስናል። በመርፌው የሚቀጥሉት ደግሞ ምግብና ውኃ ቀምሰው ይሂዱ፤ ሲወጉም ቆመው ሳይሆን ጋደም ብለው ይሁን። ተኝታ የምትታፈን ከሆነ ግን ይህንንም ለነርሷ ትንገራት፤ ደረቷን ትንሽ ቀና አድርጋ ትወጋታለች።